ፀሐይ ያላቀናው እግር

የኩላሊት ሕመም የልጆችን አጥንት እንዴት ይጎዳል? ወላጅስ ምን ማድረግ ይችላል?

መስከረም ሲጠባ በየቤቱ የተለመደ ሥራ አለ። ያለፈው ዓመት ዩኒፎርም ከቁም ሣጥን ይወጣና ልጆች ተራ በተራ ይለኩታል። ሱሪው ከቁርጭምጭሚት በላይ ከቀረ፣ እጅጌውም ካጠረ እናት ታማርራለች። ምሬቱ ግን የደስታ ምሬት ነው፤ ልጁ አድጓል ማለት ነውና። ያጠረው ለታናሽ ይተላለፋል፣ ለታላቁ አዲስ ይገዛል።

በአንዳንድ ቤት ግን ዩኒፎርሙ ሁለትና ሦስት ዓመት ልክክ እንዳለ ይቆያል። ታናሽ ታላቁን በቁመት ይደርስበትና ያልፈዋል። ቤተሰብ ለዚህ መልስ አያጣም። «በአባቱ ወገን አጭሮች ናቸው» ይባላል፤ «እህል አይቀምስ፣ በምን ይደግ?» ይባላል። የልጁ እግር ወልገድ ማለት ሲጀምር ደግሞ «በሕፃንነቱ ፀሐይ አልሞቀም» ይባልና ልጁ ጠዋት ጠዋት ደጅ ይቀመጣል። ከመድኃኒት ቤት የካልሲየም ሽሮፕ ይገዛለታል፤ የአጥንት መረቅ ይሠራለታል። ወራት ያልፋሉ። እግሩ ግን አይቃናም፤ ቁመቱም አይጨምርም።

እንዲህ ያለው ነገር ሲያጋጥም ጥፋቱ የፀሐይም የምግብም ላይሆን ይችላል። ምንጩ ማንም ያልጠረጠረው ኩላሊት የሆነበት ጊዜ አለና።

ዘግይቶ የመጣ ሪኬትስ

ሪኬትስ፣ ማለትም የሕፃናት አጥንት መለስለስና መጣመም፣ በአገራችን እንግዳ በሽታ አይደለም። የ13 ወር ፀሐይ ያለን ሕዝቦች ብንሆንም ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳያየው እየተባለ ሕፃኑ ተሸፋፍኖ ቤት ውስጥ ይከርማል። ቆዳው ፀሐይ ስለማያገኝ ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል። ይህ ዓይነቱ ሪኬትስ በአብዛኛው የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አካባቢ ነው። ቫይታሚን ዲ እና በቂ ካልሲየም ሲያገኝም በሳምንታትና በወራት ውስጥ መሻሻል ያሳያል።

ሐኪሞች ቆም ብለው የሚያስቡት ሁለት ነገር ሲያዩ ነው። አንደኛው፣ በሕፃንነቱ ደኅና የነበረ ልጅ አምስትና ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ ወይም ለአቅመ ሔዋንና ለአቅመ አዳም ሲቃረብ እግሩ መጣመም ሲጀምር ነው። ሁለተኛው፣ ቫይታሚን ዲ ተሰጥቶት ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ኩላሊት ይመርመር የሚሉ ምልክቶች ናቸው።

ይህ ግንኙነት ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1883 ክሌመንት ሉካስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ዘግይቶ የሚመጣ ሪኬትስ ያለባቸው ወጣቶች በሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን እንደሚገኝ አስተውሎ ጽፎ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ እየሆነ የመጣው ግን ከዚያ በኋላ 90 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ፍሬዘርና ኮዲሴክ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ቫይታሚን ዲ ሥራ ላይ የሚውልበትን የመጨረሻ መልክ የሚይዘው ኩላሊት ውስጥ መሆኑን አሳዩ።

ወፍጮው ሲቆም

ኩላሊትን አብዛኞቻችን የምናውቀው ሽንት ሲያጣራ ነው። ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። የደም ግፊትን ይቆጣጠራል፣ ደም እንዲመረት የሚያዝ ሆርሞን ያመነጫል፣ አጥንትንም ከጀርባ ሆኖ ይጠብቃል።

ከፀሐይና ከምግብ የሚገኘው ቫይታሚን ዲ እንዳለ ጥቅም ላይ አይውልም። ገና ያልተፈጨ እህል ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ጉበት፣ ቀጥሎ ኩላሊት ይለውጡታል፤ ከኩላሊት የሚወጣው ዱቄት ነው አንጀታችን ከምግብ ካልሲየም እንዲወስድ የሚያደርገው። ጎተራው በእህል ቢሞላም ወፍጮው ከቆመ እንጀራ አይጋገርም። ኩላሊቱ የታመመ ልጅ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ቢሞቅ እግሩ የማይቃናው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ፎስፈረስ ነው። ፎስፈረስ አጥንት የሚሠራበት ማዕድን ቢሆንም ከልክ ያለፈውን በሽንት የሚያስወግደው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ፎስፈረስ ሰውነት ውስጥ መከማቸት ይጀምራል። አጥንት ራሱ ይህን ሲረዳ ፎስፈረስ በሽንት እንዲወጣ የሚገፋ ሆርሞን ይለቃል። ይህ ሆርሞን ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ኩላሊት የሚሠራውን ቫይታሚን ዲ ይበልጥ ይቀንሰዋል። እንግዲህ ከአንጀት የሚገባው ካልሲየም ያንሳል፣ በደም ውስጥ ያለውም ይወርዳል።

በዚህ ጊዜ አንገታችን ውስጥ ያሉት፣ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ የሚያህሉት አራት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ይነቃሉ። ካልሲየም በደም ውስጥ ካነሰ ልብም ጡንቻም ሥራቸውን በአግባቡ መሥራት ስለማይችሉ ዕጢዎቹ ካልሲየሙን ካለበት ያስመጡታል። ያለበት ደግሞ አጥንት ነው። ቤት እንዳይራብ ተብሎ ግድግዳው እየተነቀለ እንደሚሸጥ ዓይነት ነው። ለጊዜው ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይሠራል፤ አጥንቱ ግን እየሳሳ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የታመመ ኩላሊት በሰውነት ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ በሚገባ አያስወጣም። አጥንት አሲዱን ለማርከስ ከራሱ ማዕድን ይከፍላል። አሲድ የበዛበት ልጅ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ እድገቱም ይገታል።

አዋቂም በኩላሊት ሕመም አጥንቱ ይጎዳል። የልጅ ጉዳት የሚለየው አጥንቱ ገና በመሠራት ላይ ስለሆነ ነው። በረጅም አጥንቶች ጫፍ ያለው ለስላሳ የማደጊያ ክፍል ቁመት የሚጨምርበት ቦታ ነው፤ ጉዳቱ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ያ ክፍል ልጁ ጉርምስናውን ሲጨርስ ይዘጋል። አዋቂ ሆኖ የሚኖርበት የአጥንት ጥሪት አብዛኛው የሚጠራቀመውም እስከዚያው ባሉት ዓመታት ነው። ስለዚህ በልጅ ላይ የጠፋ አንድ ዓመት ተመልሶ ላይገኝ ይችላል።

ወላጅ ምን ያስተውል?

ቁመት የመጀመሪያው ምልክት ነው። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 25 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ከአራት ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ ጉርምስና ባለው ጊዜ ደግሞ በዓመት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከአራት ሴንቲ ሜትር በታች የሚያድግ ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በበር መቃን ላይ ጫማውን አውልቆ ማቆምና በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ በቂ ነው።

በአጥንት በኩል የሚታዩት ምልክቶች የእግር ወደ ውጭ መወልገድ ወይም ጉልበቶች እርስ በርስ እስኪጋጩ ወደ ውስጥ መጣመም፣ የእጅ አንጓ መወፈር፣ የአጥንት ሕመም፣ በትንሽ ውድቀት መሰበር ናቸው። ደረጃ መውጣት ወይም ከተቀመጠበት መነሣት የሚያቅተው ልጅም አለ። በድንገት ማነከስ የጀመረ፣ ዳሌዬን ወይም ጉልበቴን አመመኝ የሚል ልጅ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። የጭኑ አጥንት ራስ ከቦታው እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላልና።

በኩላሊት በኩል ያሉት ምልክቶች ደግሞ በየፊናቸው ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ። ጠዋት ሲነሣ ፊቱና ዓይኑ አካባቢ ያብጣል፤ ሽንቱ አረፋ ይበዛዋል ወይም የሻይ መልክ ይይዛል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ይመላለስበታል፤ ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ሌሊት ለሽንት ይነሣል፤ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ፍራሽ ማርጠብ ይጀምራል፤ ይገረጣል፣ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል። በተለይ ወንድ ሕፃን ሽንቱ ኃይል አጥቶ የሚንጠባጠብ ከሆነ ዝም ሊባል አይገባም። የሽንት ቧንቧውን የሚዘጋ ከተፈጥሮ የመጣ ሽፋን ሊኖር ይችላል። ይህ በጊዜ ካልታከመ ሽንቱ ወደ ኋላ እየተገፋ ኩላሊቱን ያበላሻል።

በልጆች ላይ የሚከሰተው ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ከአዋቂው የሚለየው በዚህ ነው። አዋቂን በብዛት የሚጎዱት ስኳርና የደም ግፊት ሲሆኑ፣ በትንንሽ ልጆች ግን ዋናው ምክንያት አብሯቸው የተወለደ የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ችግር ነው።

በፍቅር የሚሠራ ስሕተት

የልጁ እግር ሲጣመም ቤተሰብ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ጉዳቱ አንዳንዴ የሚመጣው ከዚሁ ጥረት ነው።

ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ «ቢበዛ ምን ያደርጋል?» ተብሎ ያለ ምርመራ ይሰጣል። ሁለቱም ከልክ ሲያልፉ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይንራል። ይህ የተጎዳውን ኩላሊት ይብስ ይጎዳዋል፤ በጊዜ ብዛትም ካልሲየሙ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራል። በተለይ ከፍተኛ መጠን ያለው የቫይታሚን ዲ መርፌ «አልተሻለውም» እየተባለ መደጋገም የለበትም። አለመሻሉ ራሱ ወደ ሌላ ምርመራ የሚመራ ምልክት ነው።

ሁለተኛው የሕመም ማስታገሻ ነው። አጥንቱን ለሚያመው ልጅ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መስጠት የተለመደ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ግን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ለአጥንቱ ተብሎ የተሰጠው ክኒን የአጥንቱን ጠባቂ ይመታል ማለት ነው። ኩላሊቱ የታመመ ልጅ ማስታገሻ የሚወስደው ሐኪሙን ጠይቆ ብቻ መሆን አለበት። የጨጓራ ማስታገሻም ቢሆን አሉሚኒየም ያለበት ከሆነ ኩላሊቱ በደከመ ልጅ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ አጥንትንም አንጎልንም ይጎዳል።

ሦስተኛው ወጌሻ ጋ መውሰድ ነው። ወጌሻ በብዙ አካባቢ የተከበረ ሙያተኛ ነው። ይሁንና ማዕድኑ የሳሳ አጥንት ሲታሽና ሲጎተት ሊሰበር ይችላል፤ ጥመቱም ከደም ውስጥ የመጣ ስለሆነ በማሸት አይቃናም። ይዘቱ የማይታወቅ ሥርና ቅጠል አፍልቶ ማጠጣትም ለደከመ ኩላሊት ተጨማሪ ሸክም ነው።

የአጥንት መረቅስ? ልጅን ያሞቃል፣ ይጣፍጣል። ከአጥንቱ ወደ መረቁ የሚወጣው ካልሲየም ግን ጥቂት ነው። ጨው ከበዛበት ደግሞ እብጠትና የደም ግፊት ላለበት ልጅ አይስማማውም።

ምርመራው ምን ይመስላል?

የመጀመሪያው እርምጃ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። የሽንት ምርመራ፣ የደም ግፊት ልኬትና በደም ውስጥ ያለውን ክሬአቲኒን ማየት የኩላሊቱን ሁኔታ በቶሎ ይጠቁማሉ። የኩላሊት አልትራሳውንድ ደግሞ ከተፈጥሮ የመጣ ችግርን ያሳያል። የአጥንቱን ሁኔታ ለማወቅ ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ ቫይታሚን ዲ እና የደም አሲድ መጠን ይለካሉ፤ የእጅ አንጓ ወይም የጉልበት ራጅም ይነሣል።

ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ በልጆች ላይ ይህ ክትትል ሕመሙ ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ እያለ እንዲጀመር ይመክራል፤ ሕመሙ አምስት ደረጃዎች አሉት። በአዋቂ ላይ ክትትሉ የሚጀመረው በሦስተኛው ነው። በልጅ የሚቀድመው ልጁ እያደገ ስለሆነና የአጥንቱ ጉዳት ምልክት ከመታየቱ በፊት ስለሚጀምር ነው። ቁመትም ለሕፃናት ቢያንስ በየሦስት ወሩ፣ ከፍ ላሉት ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲለካ መመሪያው ያሳስባል።

የኩላሊት ሪኬትስ ሁሉ ግን ኩላሊት ደከመ ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ያሻል። ኩላሊቱ በደንብ እያጣራ ፎስፈረስን ብቻ አላግባብ የሚያፈስስ፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ። ኩላሊት አሲድ ማስወገድ ብቻ የሚያቅተው ሌላ ዓይነትም አለ። የእነዚህ ሁሉ ሕክምና ይለያያል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ልጅ ፎስፈረስ ይቀነሳል ሲባል ፎስፈረስ ለሚፈስሰው ልጅ ግን ይጨመርለታል። የጎረቤት ልጅ የዳነበትን መድኃኒት መዋስ አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሕክምና አለው

ደጉ ነገር፣ የአጥንቱ ጉዳት በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ኩላሊቱ የማይሠራውን ቫይታሚን ዲ ተሠርቶ ያለቀ መልኩን፣ አልፋካልሲዶል ወይም ካልሲትራዮል የሚባለውን፣ ሐኪም ለክቶ ያዛል። የበዛውን አሲድ ሶዲየም ባይካርቦኔት ያረክሰዋል። ፎስፈረስን አንጀት ውስጥ ይዘው የሚያስወጡ እንደ ካልሲየም ካርቦኔትና ሴቬላመር ያሉ መድኃኒቶችም አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፎስፈረስ የሚይዘው መድኃኒት የሚሠራው ከምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ሥራው በገበታ ላይ የመጣውን ፎስፈረስ መያዝ ነውና በባዶ ሆድ ወይም በመኝታ ሰዓት ቢዋጥ የታሰበውን አያደርግም። ልጁ የደም ማነስ መድኃኒት፣ ማለትም አይረን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ከካልሲየሙ ጋር በአንድ ሰዓት አይሰጥም፤ ካልሲየሙ አይረኑን ያግደዋል።

የእድገት ሆርሞን ለተመረጡ ልጆች ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት ግን ምግቡ፣ አሲዱና የአጥንቱ ማዕድን መስተካከል አለባቸው። የተጣመመ እግርን በቀዶ ሕክምና ማቃናትም እንዲሁ ነው። ደሙ ሳይስተካከል የተቃና እግር ተመልሶ ይጣመማል። ብዙ ልጆች ደግሞ ሕክምናው በትንሽነታቸው ከተጀመረ እግራቸው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻሻላል።

ኔፍሮቲክ ሲንድረም የተባለው የእብጠት ሕመም ያለባቸውና ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ልጆች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይረዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን አጥንትን ያሳሳል፣ እድገትንም ያዘገያል። ይህን የሰማ ወላጅ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። ድንገት ማቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። መደረግ ያለበት መጠኑ ሊቀንስ ይችል እንደሆነና አጥንቱን ለመጠበቅ ምን እንደሚጨመር ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

ኩላሊቱ ጨርሶ ሲቆም የሚቀረው እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የንቅለ ተከላ ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ጀምሯል። ሁለቱም መንገዶች ለቤተሰብ ከባድ ናቸው። እዚያ ሳይደርሱ ሕመሙን መያዝ ለኪስም ለልጁም የሚበጀው ለዚህ ነው።

ገበታውስ?

«ፎስፈረስ ቀንሱ» ሲባል ወላጅ ደንግጦ ወተቱንም ሥጋውንም ሽሮውንም ከልጁ ፊት ያነሣል። ይህ ሌላ ጉዳት ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ኃይልና ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ የተራበ ልጅ አጥንቱ አይጠነክርም። ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚወሰነው በደም ምርመራው ውጤት ነው።

ያለ ሥጋት ሊቀነስ የሚችለው በፋብሪካ የተጨመረ ፎስፈረስ ነው። በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አንጀታችን የሚወስደው ከፊሉን ብቻ ነው። ለማቆያና ለማጣፈጫ የሚጨመረውን ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይወስደዋል። ስለዚህ ከሽሮና ከምስር ወጥ በፊት መነሣት ያለባቸው ጥቁር ለስላሳ መጠጦች፣ ሞርታዴላና ቋሊማ፣ በፋብሪካ የተዘጋጀ አይብ፣ የታሸጉ ፈጣን ምግቦች ናቸው። ለትምህርት ቤት በሚቋጠረው ምሳ ላይ የሚደረገው ይህ ለውጥ ገንዘብ አያስወጣም፤ እንዲያውም ይቆጥባል። ወተትና እርጎ ካልሲየምም ፎስፈረስም ስላላቸው መጠናቸውን ሐኪሙ ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያው ይወስን።

እንቅስቃሴም አይከልከል። «አጥንቱ ደካማ ነው» ተብሎ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ልጅ አጥንቱ ይብስ ይሳሳል። ሐኪሙ እስከፈቀደ ድረስ መራመድና መጫወት ለአጥንት መድኃኒት ነው፤ ከከፍታ መዝለልና መጋፋት ያለባቸው ጨዋታዎች ብቻ ይቅሩ።

ቁመቱ ሳይሆን ዕድሜው

እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት የ12 ዓመት ልጅ የስምንት ዓመት ሊመስል ይችላል። ሰው ሁሉ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ያናግረዋል። ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ በቅጽል ስም ይጠራል፣ ኳስ ሲመረጥ መጨረሻ ይቀራል። እሱ ግን በውስጡ 12 ዓመቱ ነው፤ ዘመድ ሲያዝንለት፣ እናቱም በር ዘግታ ስታለቅስ ያውቃል። መድኃኒት መዋጥ አልፈልግም ማለት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ስሜት ነው።

ስለዚህ በዕድሜው ልክ ይነገረው። ወፍጮውና ዱቄቱ ለእሱም ሊገባው የሚችል ነገር ነው። ክኒኑን ለምን ከምሳ ጋር እንደሚወስድ የተረዳ ልጅ ማንም ሳያስታውሰው ይውጣል። መምህሩም ይወቅ፤ ለሽንት በወጣ ቁጥር እንዳይቆጣው፣ ሲያነክስም «ሰነፍ» እንዳይለው።

ለቀጣዩ መስከረም ብዙ ጊዜ የለም። ዘንድሮ ዩኒፎርም ሲለካ ልጁን በበሩ መቃን ላይ አቁሙትና በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ቀኑንም ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ እዚያው አቁሙት። እርሳሱ ከነበረበት ፈቀቅ ካላለ የካልሲየም ሽሮፕ ከመግዛታችሁ በፊት ልጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ሐኪሙንም አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «ኩላሊቱስ ታይቷል?» በሉት።